ማሸጊያን ከመንገዱ ተነስቶ መምረጥ

መጋዘን ውስጥ በፓሌት፣ ማለትም በፎርክሊፍት በሚነሳ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መደላድል ላይ ተደርድረው ጥቂት ሳምንታት የቆዩ ካርቶኖችን ጎንበስ ብሎ ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ወዲያው ይታየዋል። ከሁሉም በታች ያለው ካርቶን ግድግዳው ወደ ውጭ ተነፍቷል፤ ማዕዘኑም ላይ አግድም የታጠፈ መስመር ወጥቶበታል። ከላይ ያሉት ግን ከፋብሪካ በወጡበት ቀን እንደነበሩ ናቸው። የካርቶኑ ዓይነት አንድ ነው፣ በውስጡ ያለውም ዕቃ አንድ ነው፤ የተለያየው የተሸከሙት ሸክም ብቻ ነው። ይህን ካርቶን የመረጠው ሰው ምናልባት ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ በስፋቱና በክብደቱ ልክ የሚሆን ሳጥን ፈልጎ፣ ዋጋውን አነጻጽሮ ወስኗል። የረሳው ነገር ቢኖር ካርቶኑ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ እንደማይኖር ነው።

ስለ ማሸጊያ ምርጫ ከሁሉም አስቀድሞ መነገር አለበት ብዬ የማምነው ይህንን ነው። «ይህን ዕቃ ምን ይበቃዋል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ይህ ዕቃ ከማምረቻ መስመሩ ተነስቶ ተጠቃሚው እጅ እስኪገባ በየት በየት ያልፋል፣ በእያንዳንዱ ቦታስ ምን ይደርስበታል?» የሚለው መመለስ አለበት። ስንት ጊዜ ይነሳል፣ የሚያነሳው ሰው ነው ወይስ ፎርክሊፍት? ስንት ደርብ ይጫንበታል፣ ለስንት ቀን? በመኪና፣ በባቡር፣ በመርከብ ወይስ በአውሮፕላን ይጓዛል? በመንገዱ ላይ የሚያገኘው አየር ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? እነዚህ ከተመለሱ የማሸጊያው ዓይነት ግማሽ በግማሽ ተወስኗል ማለት ይቻላል።

ማሸጊያ ሲባል ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይመስለናል እንጂ በተለምዶ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ዕቃውን በቀጥታ የሚነካው ነው፦ ጠርሙሱ፣ ከረጢቱ፣ ብልቃጡ። ሁለተኛው እነዚህን በዛ አድርጎ የሚሰበስበው ካርቶን ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ ካርቶኖቹን በጅምላ ለማጓጓዝ የሚያስተሳስረው ፓሌት፣ መጠቅለያ ላስቲክና ማሰሪያ ነው። ሦስቱ ለየብቻ ሲመረጡ ስሕተት ይፈጠራል፤ አንዱ የሚያደርገው ሌላውን ያቀልለታል ወይም ያከብድበታልና።

ከዕቃው ጋር ከሚነካካው እንጀምር። እያንዳንዱ ምርት የሚያበላሸው ነገር አለ፤ ያንን ነገር በስሙ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ዱቄትና ብስኩት ጠላታቸው የውሃ ተን ነው። ዘይትና ቅባት ያለባቸው ምግቦች የሚበላሹት በኦክስጅንና በብርሃን ነው። የተላጠ ብረት ይዝጋል፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በእጅ ሲነካ እንኳ ሊፈጠር በሚችል የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይጎዳል። ማሸጊያ ቁሶችም በዚሁ መጠን ይለያያሉ። ብዙ ሰው «ፕላስቲክ አየር አያሳልፍም» ብሎ ያስባል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ተራው ፖሊኤትሊን የውሃ ተንን በጥሩ ሁኔታ ሲከለክል ኦክስጅንን ግን በቀላሉ ያሳልፋል። የመጠጥ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት ለጋዝ ከእሱ የተሻለ ግድግዳ ነው። የአሉሚኒየም ቅጠል ብርሃንንም፣ እርጥበትንም፣ ኦክስጅንንም ይዘጋል፤ ሆኖም ተደጋግሞ ሲታጠፍ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያወጣል። ብርጭቆ ጋዝም ሆነ እርጥበት አያሳልፍም፤ ከባድና ተሰባሪ መሆኑ ግን ለማጓጓዣው ሸክም ነው። ወረቀት ብቻውን ሲሆን ለእርጥበት ክፍት ነው።

ከዚህ የተነሳ አንዱ ቁስ የጎደለውን ሌላው እንዲሞላለት የተለያዩ ስስ ንብርብሮች አንድ ላይ ተጣብቀው ይሠራሉ። ጥቅማቸው ግልጽ ነው፤ ጉዳታቸው ደግሞ ከተጣበቁ በኋላ ለመለያየት አስቸጋሪ ስለሆኑ መልሶ ጥቅም ላይ ለማዋል የማይመቹ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ምርቱ በእርግጥ የማያስፈልገውን ጥበቃ በንብርብር ላይ ንብርብር መጨመር ዋጋውንም ቆሻሻውንም ያበዛል። መጋዘን ውስጥ ሦስት ወር የማይቆይ ምርት ለሁለት ዓመት የታሰበ ከረጢት አያሻውም። በሌላ በኩል፣ ትኩስ ሆኖ የታሸገ ምርት ሲቀዘቅዝ በከረጢቱ ውስጥ ጠል ይፈጥራል፤ የቱንም ያህል ጥሩ ከረጢት ቢሆን ከውስጥ የመጣን እርጥበት አይከለክልም፤ እንዲያውም መውጫ ያሳጣዋል።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንምጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም የሚድነውም እዚህ ላይ ነው። የማጓጓዣ ካርቶን በሁለት ጠፍጣፋ ወረቀቶች መካከል የተጣበቀ ሞገድ መሰል ወረቀት አለው። ይህ ሞገድ ከላይ ወደ ታች ሲቆም እንደ ተደረደሩ ትንንሽ ምሰሶዎች ሸክም ይሸከማል፤ ሳጥኑ በጎኑ ሲተኛ ግን ሞገዱም አብሮ ስለሚተኛ ያንን ጉልበቱን ያጣል። የሞገዱ ቁመት በፊደል ይለያል፦ ኤ የሚባለው 5 ሚሊሜትር ገደማ፣ ሲ 4፣ ቢ 3፣ ኢ ደግሞ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ወፍራሙ ለመደራረብና ግጭትን ለማብረድ ይሻላል። ስሱ ለጠራ ኅትመትና ለትንንሽ ሳጥን ይመቻል። ለከባድ ጭነት ሁለት ሞገድ ያለው ባለ ድርብ ግድግዳ ካርቶን አለ።

ካርቶን የሚሸጥ ሰው ብዙውን ጊዜ የወረቀቱን ክብደት በግራም ይነግራል። ገዢው ግን ሊጠይቀው የሚገባው ካርቶኑ በጠርዙ ቆሞ ሲጫን ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው፤ ይህ በላቦራቶሪ የሚለካ ቁጥር ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ማኪ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያወጡት ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ የሚለውም የአንድ ሳጥን የመደራረብ ጉልበት ከዚህ የጠርዝ ጥንካሬ ጋር እኩል ያድጋል፣ ከካርቶኑ ውፍረትና ከሳጥኑ ዙሪያ ጋር ግን በስኩዌር ሩት ብቻ ያድጋል ነው። በሥራ ላይ ሲተረጎም፣ የጠርዙን ጥንካሬ እጥፍ ማድረግ ሳጥኑን እጥፍ ያጠነክረዋል፤ ዙሪያውን እጥፍ ማድረግ ግን 1.4 እጥፍ ብቻ ነው የሚጨምርለት። ትልቅ ሳጥን በትልቅነቱ ብቻ ጠንካራ አይሆንም።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። እያንዳንዱ 10 ኪሎ የሚመዝን ካርቶን 8 ደርብ ቢደረደር የታችኛው የሚሸከመው 7 ካርቶን፣ ማለትም 70 ኪሎ ነው። ታዲያ 70 ኪሎ የሚችል ካርቶን ይበቃል? አይበቃም። የላቦራቶሪው ቁጥር የተለካው በ23 ዲግሪ ሴልሺየስና በ50 በመቶ የአየር እርጥበት፣ በአዲስና ባልተነካ ሳጥን ላይ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። እውነተኛው መጋዘን እንዲህ አይደለም። የአየሩ እርጥበት ወደ 90 በመቶ ሲጠጋ ካርቶን ጉልበቱን በግማሽ ገደማ ያጣል። ሸክሙ ለአንድ ወር ከቆየበት ደግሞ በዝግታ እየላላ ከጉልበቱ 40 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ካርቶኖቹ ማዕዘን በማዕዘን ላይ ሳይገጥሙ እንደ ጡብ ተዛንቀው ሲደረደሩ፣ ወይም ጠርዛቸው ከፓሌቱ ውጭ ሲንጠለጠል፣ እንደገና ሌላ ትልቅ ቅናሽ አለ፤ ሸክሙን በብዛት የሚሸከሙት አራቱ ማዕዘኖች ናቸውና። እነዚህ ሁሉ ስለሚባዙ ባለሙያዎች ከሚሸከመው ክብደት 3፣ 4፣ አንዳንዴም 5 እጥፍ የሚችል ሳጥን ይመርጣሉ። በምሳሌያችን 4 እጥፍ ቢወሰድ 280 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጥያቄ አለ፦ በውስጡ ያለው ዕቃ ራሱ ሸክም ይሸከማል? የታሸጉ ቆርቆሮዎችና የመስታወት ጠርሙሶች ቀጥ ብለው ከቆሙ ከላይ የሚመጣውን ክብደት ራሳቸው ይቀበላሉ፤ ካርቶኑ አንድ ላይ ከመያዝ ያለፈ ሥራ ስለማይኖረው ስስ ሊሆን ይችላል። ለስላሳ ከረጢቶች፣ ጨርቃ ጨርቅና ዱቄት የያዙ እሽጎች ግን ምንም አያግዙም፤ ሸክሙን ሁሉ የሚሸከመው ካርቶኑ ነው። አንድ ዓይነት ካርቶን ለሁለቱም የሚገዛ አምራች በአንዱ ላይ ያባክናል፣ በሌላው ላይ ያከስራል። በተጨማሪ ከዕቃው በላይ የሚቀር ባዶ ቦታ ክዳኑ ወደ ውስጥ እንዲሰምጥ ስለሚያደርግ፣ የካርቶኑ ቁመት ከዕቃው ቁመት ጋር በሚገባ መገጣጠም ይኖርበታል።

ከመደራረብ ቀጥሎ የሚመጣው መውደቅ ነው። ሊገርም ይችላል እንጂ ቀላል ዕቃ ከከባድ ዕቃ ይልቅ ከፍ ካለ ቦታ ይወድቃል፤ ቀላሉን ሰው በአንድ እጁ ያነሳዋል፣ ይወረውረዋልም። በመላው ዓለም የሚሠራበት፣ ኢስታ የተባለው ዓለም አቀፍ የማጓጓዣ ደኅንነት ማኅበር የሙከራ ደንብ ይህን ከግምት አስገብቶ፣ በመሠረታዊው ሙከራ እስከ 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝን እሽግ ከ76 ሴንቲሜትር፣ ከ28 እስከ 45 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ደግሞ ከ30 ሴንቲሜትር እንዲጣል ያዛል። የሚጣለውም 10 ጊዜ ነው፦ አንድ ጊዜ በማዕዘኑ፣ ሦስት ጊዜ በዚያ ማዕዘን በሚገናኙት ጠርዞች፣ ስድስት ጊዜ በገጾቹ።

ትራስ የሚሆነው ነገር፣ ፎምም ይሁን የታጠፈ ወረቀት ወይም አየር የተሞላ ላስቲክ፣ ሥራው ዕቃው የሚቆምበትን ርቀት ማስረዘም ነው። ከ75 ሴንቲሜትር የወደቀ ዕቃ በ2.5 ሴንቲሜትር ትራስ ውስጥ ቀስ ብሎ ቢቆም፣ የሚያርፍበት ኃይል በአማካይ ከራሱ ክብደት 30 እጥፍ ገደማ ነው። በግማሽ ሴንቲሜትር ቢቆም 150 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትራስ የሚጠቅመው ሲጨመቅ ነው። ቀላል ዕቃ በደረቅ ፎም ላይ ሲቀመጥ ፎሙ ስለማይጨመቅለት ጣውላ ላይ እንደተቀመጠ ይቆጠራል፤ ከባድ ዕቃ በጣም ለስላሳ ትራስ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ እስከ መጨረሻው ሰምጦ የካርቶኑን ግድግዳ ይመታል። «ፎም አድርጌበት ነበር፣ ግን ተሰበረ» የሚል አምራች ብዙ ጊዜ ችግሩ የፎሙ ማነስ ሳይሆን ለክብደቱ የማይሆን ፎም መምረጡ ነው። ሌላም መፍትሔ አለ፣ ሁልጊዜም አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል፦ በየጊዜው የሚሰበረው አንድ እግር ወይም አንድ ማያያዣ ከሆነ፣ ለሺህ ሳጥን ሺህ ትራስ ከመግዛት ያንን አንድ ክፍል በዲዛይኑ ማጠንከር ይቀላል። ማሸጊያው ምርቱ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ምርቱ በሚነደፍበት ጊዜ መታሰብ አለበት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ንዝረት ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ የሚጎዳ ነው። መኪና ለብዙ ሰዓታት ሲጓዝ ዕቃው በካርቶኑ ውስጥ ይፋተጋል፤ ቀለም ይለቃል፣ የመለያ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ብሎን ይላላል፣ የተሽከረከረ ክዳን ይፈታል። መድኃኒቱ ዕቃው እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ነው። የታሸገውን ካርቶን አንስቶ ጆሮ አጠገብ በቀስታ መነቅነቅ ሙከራ ሊባል አይችልም፤ ነገር ግን የሚንኳኳ ድምፅ ከተሰማ ሥራው እንዳላለቀ ያውም ካርቶኑ ከግቢ ሳይወጣ ይታወቃል።

ወደ ፓሌቱ ስንሻገር የሚወስነው ልኬት ነው። በሰፊው ከሚሠራባቸው ፓሌቶች መካከል 1200 በ800 እና 1200 በ1000 ሚሊሜትር የሆኑት ይገኙበታል። በእነዚህ ላይ ያለ ብክነት የሚደረደረው ልኬት 600 በ400 ሚሊሜትርና ክፋዮቹ ናቸው። ለምሳሌ 400 በ300 የሆነ ካርቶን በ1200 በ800 ፓሌት ላይ በአንድ ደርብ 8 ሆኖ ምንም ቦታ ሳያስቀር ይገባል። ያው ካርቶን 420 በ310 ቢሆን ስምንቱ በምንም መንገድ አይገቡም፤ ወይ ቁጥራቸው ይቀንሳል ወይ ጠርዛቸው ከፓሌቱ ወጥቶ ይንጠለጠላል። ሲታዘዝ መጠንቀቅ የሚያሻውም እዚህ ላይ ነው፦ ካርቶን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በውስጥ ልኬቱ ሲሆን ፓሌቱ ላይ የሚቀመጠው ግን በውጭ ልኬቱ ነው። ባለ ሲ ሞገድ ግድግዳ በሁለቱም ጎን 4 ሚሊሜትር ሲጨምር፣ አራት ካርቶን በተርታ ሲቆም ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ልዩነት ይመጣል።

ድንበር የሚሻገር ጭነት ከእንጨት ፓሌት ጋር የሚሄድ ከሆነ አይኤስፒኤም 15 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደንብ ማክበር ያስፈልጋል። ደንቡ የሚፈራው ካርቶኑን ሳይሆን በእንጨቱ ውስጥ ተደብቀው የሚጓዙ ነፍሳትን ነው። ከተፈቀዱት የማከሚያ ዘዴዎች ዋነኛው የእንጨቱ እምብርት 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ በተከታታይ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ማድረግ ነው፤ የታከመው እንጨትም ምልክት ይታተምበታል። ምልክቱ የሌለው ፓሌት ዕቃው ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢታሸግ ጭነቱን ወደብ ላይ ሊያስቀረው ይችላል። ከተጣበቁ ስስ ጣውላዎች የተሠራ፣ ማለትም የኮምፔንሳቶ ፓሌት፣ እንዲሁም የፕላስቲክ ፓሌት ከዚህ ደንብ ነፃ ነው።

በባሕር ለሚጓዝ ዕቃ ኮንቴይነሩ ራሱ የራሱ የአየር ጠባይ አለው። ቀን ፀሐይ ሲመታው ከፓሌቱ እንጨትና ከካርቶኑ እርጥበት ይተናል፤ ሌሊት ጣራው ሲቀዘቅዝ ያ ተን ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል። ከውጭ አንዲት ጠብታ ዝናብ ሳይገባ የላይኛው ደርብ ካርቶን ረጥቦ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። መከላከያው ደረቅ ፓሌት መጠቀም፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት መስቀልና ከላይኛው ደርብ ላይ መሸፈኛ ማድረግ ነው። ፓሌቱን በሙሉ በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ሁልጊዜ ይጠቅማል ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው፤ እርጥብ ሆኖ የተጠቀለለ ጭነት እርጥበቱን ይዞ ይጓዛል።

በአየር ወይም በመልእክት አድራሽ ድርጅት ለሚላክ እሽግ ደግሞ የሚከፈለው ለክብደት ብቻ ሳይሆን ለቦታም ነው። ስሌቱ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመትን በሴንቲሜትር አባዝቶ፣ በተለምዶ ለመልእክት አድራሾች ለ5000፣ ለአየር ጭነት ለ6000 ማካፈል ነው፤ ከዚህና ከእውነተኛው ክብደት የሚበልጠው ይከፈልበታል። 3 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ በ60 በ40 በ30 ሴንቲሜትር ካርቶን ሲላክ ለ5000 ተካፍሎ 14.4 ኪሎ ይቆጠራል፤ በ40 በ30 በ25 ካርቶን ቢታሸግ 6 ኪሎ ነው። ባዶ ቦታ አሁን ሕግም እየገባበት ነው፦ በአውሮፓ ኅብረት በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. የጸናው የማሸጊያ ደንብ፣ ለማጓጓዣና ለኢንተርኔት ሽያጭ በሚውሉ ማሸጊያዎች ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ከ2030 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ50 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ በወረቀት ፍርፋሪ ወይም በአየር ከረጢት የተሞላውንም እንደ ባዶ ይቆጥረዋል።

ሊቲየም ባትሪ፣ ተቀጣጣይ ፈሳሽና የመሳሰሉ አደገኛ ዕቃዎች በዚህ ጽሑፍ ከተነገረው ሁሉ በላይ በተባበሩት መንግሥታት ምክረ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ብዙዎቹም በዚያው ሕግ የተፈተነና ምልክት የታተመበት ማሸጊያ ይፈልጋሉ፤ በዚህ ረገድ በግምት መሥራት አይገባም።

በፋብሪካው ውስጥ ያለው የማሸጊያ ማሽንም ድምፅ ሊሰጠው ይገባል። በእጅ ሲታሸግ ያማረ ካርቶን በማሽን ላይ ሊያስቸግር ይችላል፦ እርጥብ ቦታ የተቀመጠ ጠፍጣፋ ካርቶን ይጎብጣል፣ የጎበጠውን ማሽኑ አንስቶ መክፈት ያቅተዋል። ስስ ላስቲክም ማሽኑ ከሚያሞቀው ጋር የሚስማማ የማሸጊያ ሙቀት ካልኖረው ወይ ይቃጠላል ወይ ስፌቱ ይከፈታል። ስለዚህ አዲስ ቁስ ከመታዘዙ በፊት ጥቂት መቶ ናሙና አስመጥቶ በማሽኑ መደበኛ ፍጥነት መሞከር፣ ከዚያም ጥቂት ፓሌት በእውነተኛው መንገድ ልኮ ማስመለስ ይመከራል።

የተመለሰው ካርቶን ለሚያነብበት ሰው የመንገዱን ታሪክ ይነግረዋል። ማዕዘኑ የተጨፈለቀ ካርቶን ወድቋል፤ የሚያስፈልገው ትራስ ነው። ግድግዳው ላይ አግድም የታጠፈ መስመር ያለው ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል፤ የጠርዝ ጥንካሬው ከፍ ይበል ወይም የደርቡ ቁጥር ይቀነስ። ውስጡ ያለው መለያ ወረቀት ተፍቆ ካርቶኑ ግን ደኅና ከሆነ፣ ዕቃው ሲንቀሳቀስ ነው የከረመው። ከታች ወደ ላይ የወጣ የውሃ መስመር የወለልን እርጥበት፣ ከላይ የተንጠባጠበ ነጠብጣብ ደግሞ የኮንቴይነርን ጠል ያመለክታል። ለዚህም የተበላሸው ካርቶን ከመጣሉ በፊት በስድስቱም ጎን ፎቶ ተነስቶ፣ በየትኛው ደርብና በየትኛው የፓሌት ጎን እንደነበረ አብሮ ሊመዘገብ ይገባል።